ለድመት ፕሪድኒሶሎን ቤት ውስጥ አሰጣጥ፦ ከሚዛኑ እስከ መጨረሻዋ ሩብ ኪኒን

የድመት በሽታ የመከላከል አቅም የገዛ ሰውነቷን ማጥቃት ሲጀምር (ድዷን፣ አንጀቷን፣ ቆዳዋን፣ አንዳንዴም ደሟን) የእንስሳት ሐኪም ብዙ ጊዜ የሚያዘው ይህን መከላከያ የሚገታውን ፕሪድኒሶሎን ነው። ኪኒን ማዋጡ በሁለት ሦስት ቀን ይለመዳል። ድመት የሚጎዳው ይበልጥ በሌላው ነው፤ ስም ሲሳሳት፣ ልክ ሲሳሳት፣ «ድናለች» ተብሎ በድንገት ሲቋረጥ።

ቸርችል ጎዳናም ሆነ ጥቁር አንበሳ አካባቢ ካሉት መድኃኒት ቤቶች የሚገዛው ለሰው የተሠራው ባለ 5 ሚሊግራም ኪኒን ነው፤ ሐኪሙ እስካዘዘው ድረስ ለድመትም ይሆናል። ስሙን ግን ፊደል በፊደል ያንብቡ። ፕሪድኒሶን ሌላ ነው፤ የሚሠራው ጉበት ወደ ፕሪድኒሶሎን ሲቀይረው ሲሆን የድመት ጉበት ይህን በደንብ አይችልም። «እሱ አልቋል፣ ዴክሳሜታዞን ውሰዱ፣ ያው ነው» ቢሏችሁም ያው አይደለም፤ 0.75 ሚሊግራም ዴክሳሜታዞን የ5 ሚሊግራም ፕሪድኒሶሎንን ያህል ኃይል አለው። ለውሻ የታዘዘ አዛታዮፕሪን (ሌላ መከላከያ የሚገታ መድኃኒት) ቤት ካለ ድመቷ አጠገብ አይድረስ፣ መቅኒዋን ያደርቃል።

ልኩ የሚወጣው ከክብደቷ ነው። ፒያሳና ስታዲየም አካባቢ መንገድ ላይ የሚዘረጋው የሰው ሚዛን ግማሽ ኪሎ ቢስት ለሰው ምንም አይደለም፣ ለ4 ኪሎ ድመት ግን ብዙ ነው። ካርቶን ውስጥ አስገብታችሁ በአትክልት ቤት ሚዛን አስመዝኗት፣ የካርቶኑን ክብደት ቀንሱ። መከላከያውን ለመግታት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው በቀን በኪሎ 2 ሚሊግራም ገደማ ነው፤ 4 ኪሎ ለምትመዝን 8 ሚሊግራም ይሆናል፣ በኪኒን ሲቆረጥ አንድ ተኩል (7.5) ይደርሳል። ሐኪሙ ከዚህ በላይም በታችም ሊያዝ ይችላል፤ ይህን ስሌት የምትጠቀሙበት ማዘዣው ላይ የተጻፈው ቁጥር ከዚህ በጣም የራቀ መስሎ ሲታያችሁ ደውላችሁ ለመጠየቅ ብቻ ነው።

ኪኒኑን በአዲስ ምላጭ፣ በመሃሉ ባለው መስመር ላይ ቁረጡ። ሩብ ሲሆን ይፈረፈራል፣ ስለዚህ የዕለቱን ብቻ። አትፍጩት፤ ዱቄቱ መራራ ስለሆነ አረፋ ትደፍቃለች። አረፋው መመረዝ አይደለም፣ ግን ምን ያህሉን እንደዋጠች ማወቅ አይቻልም።

ጥቂት ምግብ ከበላች በኋላ፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ጠረጴዛ ላይ ጀርባዋን ወደ እናንተ አድርጋችሁ አስቀምጧት። የምትቧጭር ከሆነ በወፍራም ፎጣ ጠቅልሏት፤ ጋቢ ጥፍሯን ስለሚይዝባት ይበልጥ ትደነግጣለች። በግራ እጅ ጭንቅላቷን ከላይ፣ በአውራና በሌባ ጣት ጉንጭ አጥንቷን ይዛችሁ አፍንጫዋ ወደ ኮርኒስ እስኪያይ ቀና አድርጓት። ያኔ የታችኛው መንጋጋ ራሱ ይላላል። በቀኝ እጅ መሃል ጣት ትንንሾቹን የፊት ጥርሶች ወደ ታች ገፋ አድርጋችሁ ኪኒኑን ምላሷ ላይ፣ ከኋላ፣ መሃል ለመሃል ጣሉት። ጎን ላይ ካረፈ ትተፋዋለች። አፏን ዘግታችሁ ጭንቅላቷን ወደ ቦታው መልሱ፤ አፍንጫዋን ላስ ካደረገች ዋጠች ማለት ነው።

ይህን ተከትሎ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ 5 ሚሊሊትር ውሃ፣ ከክራንቻዋ ኋላ በጉንጯ በኩል፣ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ስጧት። ደረቅ ኪኒን ጉሮሮዋ ላይ ተጣብቆ ሊያቆስል ይችላል። ውሃውን ፊት ለፊት አትርጩ፣ ሳንባዋ ይገባል።

ኪኒኑን በቅቤ ለመሸፈን ለጋ ቅቤ ብቻ ተጠቀሙ። ንጥር ቅቤ ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት ስላየ የድመትን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል።

ካስታወከችና ኪኒኑ ሙሉውን ትውከቱ ውስጥ ከታየ ሐኪሙን ጠይቃችሁ ድገሙ፤ ካልታየ አትድገሙ። የተረሳን ኪኒን በማግስቱ ሁለት አድርጎ መስጠትም የለም።

በፕሪድኒሶሎን ላይ ወይም በእሱ ፈንታ ሳይክሎስፖሪን የሚባለው ሌላ መከላከያ የሚገታ መድኃኒት ከታዘዘ፣ ለድመት የተሠራው ፈሳሽ ፍሪጅ አይግባ። ከ20 ዲግሪ በታች ይረጋል፣ በክረምት ጠዋት ደግሞ ቤታችን ውስጥ ይህ ተራ ነገር ነው፤ ሞቅ ያለ ክፍል ሲገባ ወደ ቦታው ይመለሳል። የታዘዘው ክሎራምቡሲል (ይህም መከላከያ የሚገታ ኪኒን ነው) ከሆነ አይቆረጥም፣ በጓንት ይያዛል፣ ነፍሰ ጡር አትንካው፤ የድመቷን ሽንትና የምትጸዳዳበትን ሰጋቱራም በጓንት ጥረጉ።

መከላከያዋ በተገታበት ጊዜ ሥጋ ቤት ለድመት የሚሰጠው ጥሬ ሳንባና ቅንጥብጣቢ ይቁም። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተውሳክ ከጥሬ ሥጋ ይገባል፣ ከዚህ በፊት ተኝቶ የነበረም ሊነሣ ይችላል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ቢፈላም ለዚህ ይበቃል፣ መሃሉ ቀይ መሆኑ እስኪቀር ይቀቀል። ግቢ ለግቢ መዞርም ይቅር፣ የጎዳና ድመት ንክሻ መግል ይይዛል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የዐቢይ ጾም ነው። ሥጋ ቤቱ 55 ቀን ሲዘጋ ድመቷ ሽሮ ይቀርብላታል፣ እሱም ሽንኩርት አለበት። ሳትበላ ሁለት ቀን የዋለች ድመት ጉበቷ ስብ ሊሞላ ይችላል። ቀድማችሁ ደረቅ የድመት ምግብ ወይም እንቁላል (የተቀቀለ) አዘጋጁ።

ውሃ መጠጣትና ሽንት ማብዛት፣ በልታም መክሳት የስኳር ምልክት ሊሆን ይችላል። ጥቁር ሰገራ፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ መደበቅ ከታየ ዕለቱን ወደ ሐኪም። ለሕመም ብላችሁ ፓራሲታሞል አትስጡ፣ ድመትን ይገድላል፤ ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ከፕሪድኒሶሎን ጋር ሲደረቡ ጨጓራዋን ይበሳሉ። ክትባት ከመስጠታችሁ በፊት መድኃኒቱን መውሰዷን ተናገሩ፣ ሕይወት ያለው ጀርም የያዘ ክትባት አይሆናትም።

ሲሻላት ልኩ የሚቀነሰው በደረጃ ነው፤ በየሁለት እስከ አራት ሳምንቱ ሩቡን ያህል፣ ሐኪሙ እያየ። በመሃል ቢቆም አድሬናል ዕጢዋ ከሥራ ስለራቀ የራሷን ሆርሞን አታመርትም፤ ትዝላለች፣ ታስታውካለች፣ ልትወድቅም ትችላለች። ስለዚህ የግድግዳው ካሌንደር ላይ ልኩን ጻፉ፣ በየቀኑ ሰርዙ፣ ማሸጊያው ላይ 10 ኪኒን ሲቀር ሌላ ግዙ።