ቲዩብ አምፕሊፋየር ከአስቸጋሪ ስፒከር ጋር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

የቲዩብ አምፕሊፋየር (ድምፅን በመስታወት ቱቦ የሚያጎላ መሣሪያ) ድምፅ ያልጣመው ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ቲዩቡን ነው፤ ውድ ቲዩብ ያስመጣል፣ ይቀይራል፣ ድምፁ ግን ያው ይሆንበታል። ጥፋቱ በአብዛኛው ያለው በአምፕሊፋየሩና በስፒከሩ አለመጣጣም ላይ ስለሆነ፣ በጀቱ ጠባብ የሆነ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የሚሰማውን ምልክት ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል።

ምልክት፦ ቮልዩሙ ከፍ ሲል ከበሮው ይደነዝዛል፣ የዘፋኙ ድምፅ ይሻክራል

ቮልዩሙ ዝቅ ብሎ ሲሰማ ያማረው ድምፅ ከፍ ሲደረግ የከበሮው ምት ካርቶን እንደመምታት ከሆነ፣ አምፕሊፋየሩ አቅሙን ጨርሷል ማለት ነው። እዚህ ላይ የሚታየው ቁጥር የስፒከሩ ሴንሲቲቪቲ፣ ማለትም ስፒከሩ 1 ዋት ሲሰጠው በ1 ሜትር ርቀት የሚያወጣው ድምፅ በዴሲቤል ነው። የእኔ ስፒከር 84 ዴሲቤል ሲሆን፣ የማጫውትበት በየቻናሉ አንድ 300ቢ ቲዩብ ያለው፣ 8 ዋት ገደማ የሚሰጥ ሲንግል-ኤንድድ አምፕሊፋየር ነበር። 8 ዋት ከ1 ዋት የሚበልጠው በ9 ዴሲቤል ብቻ ስለሆነ ጣሪያዬ 93 ዴሲቤል ነበር፤ ያውም በ1 ሜትር እንጂ ወንበሬ ባለበት በ3 ሜትር አይደለም። የከበሮ ምት ከሙዚቃው አማካይ ድምፅ በ10 ዴሲቤልና ከዚያም በላይ ስለሚዘል፣ ለአማካዩ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ኃይሉን እጥፍ አድርጎ 16 ዋት መግዛት የሚያተርፈው 3 ዴሲቤል ብቻ ሲሆን፣ 10 ዴሲቤል ለመጨመር 80 ዋት ያስፈልጋል።

ስለዚህ ከመግዛት በፊት መለካት ይቀድማል። የሚያስፈልገው ኤሲ ቮልት የሚያነብ ተራ ቴስተርና ከሙሉ ደረጃው (ቅጂ ሊይዘው ከሚችለው ከፍተኛ ድምፅ) በ12 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ የተቀዳ የ120 ኸርዝ የሙከራ ድምፅ ነው። በተውሶ ትራንዚስተር አምፕሊፋየርም ቢሆን፣ የለመዱትን ሙዚቃ ከፍተው ቮልዩሙን «ከዚህ በላይ አልሰማም» እስከሚሉበት ድረስ ያድርሱት፤ ከዚያ ቮልዩሙን ሳይነኩ የሙከራውን ድምፅ ያጫውቱና ቮልቱን በስፒከሩ መሰኪያ ላይ ይለኩ። ስፒከሩን ግን አይንቀሉ፤ በተለይ ቲዩብ አምፕሊፋየር ያለ ስፒከር ሲሠራ የቲዩቡን ኃይል ለስፒከሩ የሚያስማማው አውትፑት ትራንስፎርመር ሊቃጠል ይችላል። ንባቡ በ4 ሲባዛ በሙሉ ደረጃ የሚፈለገውን ቮልት ይሰጣል። በእኔ ቤት ቴስተሩ 3 ቮልት አነበበ፤ ይህም 12 ቮልት ማለት ነው። 12 በራሱ ተባዝቶ በስፒከሩ ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋሙ መለኪያ) ይካፈላል፤ ለ8 ኦም ሲካፈል 18 ዋት፣ ለ4 ኦም ሲካፈል ደግሞ 36 ዋት ይሆናል።

በየቻናሉ ሁለት ኢኤል84 ቲዩብ ያለው ፑሽ-ፑል (ቲዩቦቹ ተጋግዘው በጥንድ የሚሠሩበት) አምፕሊፋየር 15 ዋት ገደማ ይሰጣል። ከ1959 ጀምሮ ለቤት ገጣጣሚ ይሸጥ የነበረው ዳይናኮ ስቴሪዮ 70 በሁለት ኢኤል34 በየቻናሉ 35 ዋት ያወጣ ነበር፤ ሁለት ኬቲ88 ደግሞ ከ50 ዋት በላይ ሊያወጡ ይችላሉ። እንግዲህ ለ8 ኦም ስፒከር ኢኤል34 ከበቂ በላይ ሲሆን፣ ለ4 ኦም ግን ጠርዝ ላይ ነው።

ምልክት፦ ቮልዩሙ ዝቅ ብሎም ቢሆን ቤዙ ያብጣል፣ ይንዛዛል

ይህ የዋት እጥረት አይደለም። የስፒከር ኢምፔዳንስ፣ ማለትም በኦም የሚለካው መቋቋሙ፣ እንደ ድምፁ ቅጥነትና ውፍረት ይለዋወጣል፤ ሳጥኑ ላይ «8 ኦም» የተጻፈበት ስፒከር አንድ ቦታ 3 ኦም፣ ሌላ ቦታ 20 ኦም ሊሆን ይችላል። የአምፕሊፋየሩ የራሱ የውጤት ኢምፔዳንስ 2 ኦም ከሆነ፣ በሁለቱ ቦታዎች መካከል የ3.6 ዴሲቤል ልዩነት ይፈጠራል፤ ይህንን ማንኛውም ጆሮ ይሰማዋል። ነጻ የሆነው መፍትሄ የስፒከሩን ገመድ ከአምፕሊፋየሩ 8 ኦም መሰኪያ ወደ 4 ኦም መሰኪያ ማዛወር ነው፤ የአምፕሊፋየሩ የውጤት ኢምፔዳንስ በግማሽ ይቀንሳል፣ በምትኩ ከቮልቱ 3 ዴሲቤል ይታጣል። ሊገዙ ከሆነ ደግሞ ከስፒከሩ አማካይ ኢምፔዳንስ ይልቅ ዝቅተኛውን ይጠይቁ። ሴንሲቲቪቲው ዝቅ ያለ ስፒከር ሁሉ አስቸጋሪ አይደለም፤ የቢቢሲው ኤልኤስ3/5ኤ ከ83 ዴሲቤል የማያልፍ ቢሆንም፣ የመጀመሪያው ዓይነት 15 ኦም ስለነበር በትንሽ ክፍል ውስጥ ከመጠነኛ ቲዩብ አምፕሊፋየር ጋር ተስማምቶ ይኖራል።

ምልክት፦ ዋቱ በወረቀት ይበቃል፣ ወፍራሙ ድምፅ ግን ይደፈርሳል

የአውትፑት ትራንስፎርመሩ ብረት ስላነሰ፣ ኃይል በሚጠይቀው ቤዝ ላይ ብረቱ ማግኔታዊ አቅሙን ይሞላና ድምፁን ያዛባል። እንደ እኔ አስተያየት፣ በጠባብ በጀት ዋጋ ሊከፈልበት የሚገባው ይህ ብረት ነው፤ ተራ ቲዩብና ከባድ ትራንስፎርመር ያለው አምፕሊፋየር ዝነኛ ቲዩብ ከተተከለበት ቀላል ይበልጣል። በማስታወቂያ የሚሸጥ ከሆነ ክብደቱን በኪሎ መጠየቅ ነውር የለውም። አምፕሊፋየሩ አስቀድሞ ከተገዛ፣ የራሱ አምፕሊፋየር ያለው ሰብዉፈር ጨምሮ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ ወደ ቲዩቡ ሳይገባ መቁረጥ ሸክሙን በእጅጉ ያቀልለታል።

ምልክት፦ ከአሜሪካ የመጣው አምፕሊፋየር ከመጠን በላይ ይግላል

በዘመድ ሻንጣ የመጣው ዕቃ የተሠራው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ነው። የእኛን 220 ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ቮልቱን ቢያስተካክልም ድግግሞሹን ከ50 ኸርዝ አይለውጠውም፤ ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ የኃይል ትራንስፎርመርም በዚህ ላይ ይበልጥ ይሞቃል። ከመግዛትዎ በፊት በስተጀርባው 50/60 ኸርዝ የሚል ጽሑፍ መኖሩን በፎቶ ያረጋግጡ።

ምልክት፦ ቲዩቡ ውስጥ ያለው ሳህን ይቀላል

የሚቀላው ብርቱካናማው ክር ሳይሆን በዙሪያው ያለው ግራጫ ብረት ከሆነ፣ ወዲያውኑ ያጥፉ። ባያሱ (በቲዩቡ ውስጥ ዘወትር የሚያልፈውን ከረንት የሚወስነው ማስተካከያ) ተዛብቷል ወይም ቲዩቡ ተበላሽቷል። በ430 ቮልት ለሚሠራ ኢኤል34 40 ሚሊአምፔር አካባቢ ተስማሚ ነው፤ ማስተካከያው ግን ከክዳኑ በታች ከሆነ ለባለሙያ ይስጡት፤ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም በካፓሲተሮቹ ውስጥ ከ400 ቮልት በላይ ሊቆይ ይችላል።