የአቅመ ደካማ ጎረቤት ጣሪያ በበጎ ፈቃደኞች እንዴት ይታደሳል?

የበጎ ፈቃድ ሥራ በአገራችን የሚደምቀው በክረምት ነው። ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ወጣቱ ጊዜ ያገኛል፣ ወረዳውም ቲሸርትና ኮፍያ አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ለችግኝ ተከላና ለማጠናከሪያ ትምህርት ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም። ጣሪያ ለመክፈት ግን ከዓመቱ ሁሉ የከፋው ጊዜ ሐምሌና ነሐሴ መሆኑን ብዙዎቻችን የምናስተውለው ቆርቆሮው ከተነሣ በኋላ ነው። እኔም የተማርኩት በዚሁ መንገድ ነው። ከዓመታት በፊት ስምንት ሆነን የአንዲት አሮጊት ጎረቤታችንን ቤት ለማደስ በሐምሌ ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወጣን፤ ሰማዩ ጠርቶ ስለነበር ክዳኑን ሙሉ በሙሉ አነሣነው፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ዝናቡ ሲወርድ ግን ግማሹን እንኳ መልሰን አልሸፈንንም ነበር። እማማ ፍራሻቸው ርሶ ጎረቤት ለማደር ሲነሡ «ልጆቼ፣ የድሮው እኮ የሚያፈሰው በሁለት በኩል ብቻ ነበር» አሉን። ከዚህ በታች የሰፈረው አካሄድ ከዚያ ቀን ወዲህ እያረምነው የመጣነው ሲሆን፣ የሚመለከተውም በአዲስ አበባና በሌሎች የደጋ ከተሞች በብዛት የሚገኘውን ባለ አንድ ወይም ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነው።

አንደኛ፦ ጊዜውን መቁረጥ

ምክክሩ በመጋቢት ቢጀመር፣ ቤቱ በሚያዝያ ቢለይና ክዳኑ በግንቦት ቢያልቅ መልካም ነው። በሚያዝያና በግንቦት የበልግ ዝናብ አልፎ አልፎ ስለሚጥል ሰማዩ ሙሉ በሙሉ የሚታመን ባይሆንም፣ እንደ ሐምሌ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ አይወርድም። የግድግዳው ምርጊት ግን ከጣሪያው ጋር በአንድ ላይ መታቀድ የለበትም። ጭቃ ለመድረቅ ፀሐይና ነፋስ ይፈልጋል፤ በክረምት መግቢያ የተመረገ ግድግዳ ከውጭ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይከርማል፣ ይሻግታል፣ በመጨረሻም እየተላጠ ይወድቃል። ስለዚህ ክዳኑን ለግንቦት፣ ምርጊቱን ለጥቅምትና ለኅዳር መከፋፈል ይበጃል። ይህ ክፍፍል ሌላም ጥቅም አለው፤ የበጎ ፈቃደኛው ቡድን የአንድ ቀን ግርግር ከመሆን ወጥቶ ከመስቀል በኋላም የሚገናኝበት ምክንያት ያገኛል።

ሁለተኛ፦ ቤቱን መለየትና ባለቤቱን መጠየቅ

በሰፈሩ ውስጥ የማን ጣሪያ እንደሚያፈስ ከማንም በላይ የሚያውቀው እድር ነው። ዳኛው በለቅሶና በሕመም ምክንያት ከየቤቱ ይገባል፤ ጥሩንባ ነፊው ደግሞ የማያውቀው በር የለም። እነርሱን ጠይቆ ሦስት ወይም አራት ቤት መለየት ይቻላል፤ ከእነዚህ ውስጥ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ብቻ መምረጥ ያስፈልጋል። አምስት ቤት ጀምሮ አምስቱንም በክፍት ከማሳደር አንዱን ጨርሶ ማስረከብ እንደሚሻል ለማስረዳት ብዙ ቃል የሚያሻ አይመስለኝም። በምርጫው ላይ ቅሬታ እንዳይነሣ መመዘኛውን አስቀድሞ መነጋገር ተገቢ ነው፦ ብቻቸውን የሚኖሩ ናቸው? ሊረዳቸው የሚችል ልጅ ወይም ዘመድ አለ? ወራጁ (ጣሪያውን የሚሸከመው እንጨት) ሊወድቅ የደረሰ ነው ወይስ ችግሩ ቆርቆሮው መበሳቱ ብቻ ነው?

ከዚህ በኋላ የሚመጣው እርምጃ በዘመቻ ሥራ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነው። ለወረዳም፣ ለነጋዴም፣ ለማንም ከመነገሩ በፊት የቤቱ ባለቤት መጠየቅ አለባቸው። ሁለት ሰዎች መሄድ ይበቃል፤ አንደኛው ባለቤቷ ወይም ባለቤቱ በደንብ የሚያውቁት ቢሆን ይመረጣል። በር ላይ ቆሞ «ቤትዎን ልናድስልዎ ነው» ብሎ ማብሠር ጥያቄ አይደለም። ገብቶ መቀመጥ፣ ስለ ጤናቸው መጠየቅ፣ ከዚያም የሚያፈሰው በየት በየት በኩል እንደሆነ እንዲያሳዩ መለመን ይገባል። ባለቤቱ የሚያሳስባቸው ነገር እኛ ካሰብነው የተለየ ሊሆን ይችላል፤ አንድ አባት ጣሪያቸውን ትተው ሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄዱ የሚያንሸራትታቸውን ደረጃ እንድንሠራላቸው ብቻ ጠይቀውናል፣ ያውም በአንድ ከረጢት ሲሚንቶ የሚያልቅ ሥራ ነበር። ይሉኝታ በእሺታም በእምቢታም ስለሚገለጽ፣ የመጀመሪያውን መልስ እንደ መጨረሻ ሳይቆጥሩ ከጥቂት ቀናት በኋላ ተመልሶ መጠየቅ አስፈላጊ ነው።

በዚሁ ጉብኝት ላይ ስለ ፎቶግራፍና ስለ ቪዲዮም መነጋገር ይገባል። እድሜያቸውን ሙሉ በሰፈሩ ተከብረው የኖሩ ሰው በፈረሰ ቤታቸው ፊት ቆመው ሲያለቅሱ የሚያሳይ ምስል በየስልኩ ቢዞር፣ የታደሰላቸው ጣሪያ ያንን አይክስም። እኛ ጣሪያውን ብቻ ፎቶ እናነሣለን፤ ለገንዘብ ሰጪዎች የሚላከውም እርሱ ነው።

ሦስተኛ፦ የይዞታውን ጉዳይ ማጣራት

በነባር ሰፈሮች ያሉ ብዙ ቤቶች የነዋሪው የግል ንብረት አይደሉም። በ1967 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 መሠረት የተወረሱት ቤቶች ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበረው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ደግሞ ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጥተው እንደነበር ይታወሳል። እናቶቻችንና አባቶቻችን «የቀበሌ ቤት» የሚሉት ከዚያ የቀረውን ነው። እንዲህ ባለ ቤት ላይ ያለ ፈቃድ ቆርቆሮ መቀየር ሥራውን ሊያስቆም፣ ከዚያም ብሶ ተከራዩን ጭምር ሊያስጠይቅ ስለሚችል፣ ቤቱን ወደሚያስተዳድረው የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሄዶ የእድሳት ፈቃድ በጽሑፍ መጠየቅ ግድ ይላል። ማመልከቻው በተከራዩ ስም ተጽፎ የእድሩ ድጋፍ ደብዳቤ ቢያያዝበት ይፈጥናል።

እግረ መንገድ አንድ ጥያቄ ማንሣት አይረሳ፦ ቦታው በመልሶ ማልማት ወይም በመንገድ ሥራ ዕቅድ ውስጥ የሚገባ ነው? ሊፈርስ ቀኑ በተቆረጠ ቤት ላይ አዲስ ቆርቆሮ ከመምታት ያፈሰሰውን ቦታ ብቻ ጠግኖ ቀሪውን ገንዘብ ለዕቃ ማመላለሻ ማቆየት ብልህነት ነው። ፈቃዱ ከሁለት ሳምንት በላይ ሊወስድ እንደሚችል አስቦ ቀድሞ መጀመር ይሻላል።

አራተኛ፦ መለካትና ዕቃ መዘርዘር

ይህ የአናጢ ድርሻ ነው፤ በሰፈሩ ውስጥ ጡረታ የወጣ አናጢ ቢገኝ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ቢሆንም ሒሳቡን ራሳችን ማወቃችን ከብክነት ያድነናል። አራት ሜትር በሦስት ሜትር የሆነ፣ ክዳኑም ወደ አንድ ወገን ብቻ ያዘነበለ ክፍል እንውሰድ። ግድግዳው እንዳይረጥብ በየጎኑ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቅ እንዲል ስንጨምርበት 4.60 በ3.60 ሜትር ይሆናል፤ ዝንባሌው ደግሞ አጭሩን ጎን ወደ 3.75 ሜትር ያስረዝመዋል። ገበያ ላይ የተለመደው ቆርቆሮ ሁለት ሜትር ርዝመት አለው። ሁለቱን ጫፍ ለጫፍ 20 ሴንቲ ሜትር አደራርበን ስንመታ 3.80 ሜትር ይሸፍናሉ፤ በቂ ነው። ከጎን የሚደራረበው ሲቀነስ የአንዱ ወርድ 75 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሸፍን ለ4.60 ሜትር ሰባት ቆርቆሮ ያስፈልጋል። ሁለት ረድፍ ሲባዛ በሰባት 14 ቆርቆሮ ነው፤ ለጉዳት አንድ መጨመር አይከፋም። ወርዱ ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ግን ከመግዛት በፊት ሱቁ ውስጥ ሜትር አውጥቶ መለካት ያሻል።

ውፍረቱን በሚመለከት ሻጩ በጌጅ ይነግረናል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ እንደሚሄድ ማስታወስ ነው። ባለ 35ቱ ረክሶ ቢገኝም ከባለ 32ቱ የሳሳ ስለሆነ በረዶና የሰው እግር ቶሎ ያጎደጉደዋል። በአነስተኛ ብር ብዙ ቤት ለመድረስ ሲባል ቀጭኑን መግዛት፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለእነዚያው ቤቶች እንደገና ገንዘብ መሰብሰብ ይሆናል። ከቆርቆሮው ሌላ ሞራሌ፣ የባሕር ዛፍ ወራጅና ማገር፣ የቆርቆሮ ሚስማር ከነጎማው፣ ተራ ሚስማር፣ ሽቦና አሸንዳ በዝርዝሩ ይገባሉ። ምን ያህሉ እንጨት እንደሚቀየር ለማወቅ በወፍራም ሚስማር መውጋት ይበቃል፤ ሚስማሩ ያለ ኃይል ከጠለቀ እንጨቱን ምስጥ ወይም እርጥበት ጨርሶታል ማለት ነው።

አምስተኛ፦ ገንዘቡና ሰዉ

ከጥሬ ገንዘብ ይልቅ ዕቃ በዓይነት መጠየቅ ለሁሉም ይቀላል። «ለእማማ ቤት ገንዘብ አዋጡ» ሲባል የሚያመነታ ነጋዴ «ሁለት ቆርቆሮ ይስጡን» ሲባል አይጨክንም፤ ሰጪውም የሰጠውን ጣሪያው ላይ ያየዋል። የግድ ገንዘብ የሚሰበሰብ ከሆነ የእድርን ሥርዓት መከተል ነው፤ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ፣ ደረሰኙም ሳይጣል ይቀመጥ። ሥራው በእድሩ ስም ቢከናወን ድርጅት ወደ ማቋቋም ጣጣ አይገባም፤ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርንና እቁብን አይመለከትም።

በሰው ብዛት በኩል ያለን ልምድ በሠርግና በለቅሶ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ብዙ ሰው መጥራት ይቀናናል። በአንድ ክፍል ጣሪያ ላይ ግን ከሦስት ሰው በላይ መውጣት የለበትም፤ ያረጀ ወራጅ የብዙ ሰው ክብደት አይችልም። አናጢውን ጨምሮ ሦስቱ ከላይ፣ አራቱ ከታች ዕቃ የሚያቀብሉ፣ ሁለቱ የቤት ዕቃ የሚያወጡና የሚጠብቁ፣ አንዱ ደግሞ ከባለቤቱ ጋር የሚውል፣ በድምሩ አሥር ሰው ከበቂ በላይ ነው። አናጢው በሙያው የሚተዳደር ከሆነ የቀን ክፍያው ሊታሰብለት ይገባል፤ የእንጀራ ቀኑን በነጻ እንዲሰጥ በይሉኝታ መያዝ በጎ ፈቃድ ሊባል አይችልም።

ደቦ ሲጠራ ደጋሹ ጠሪው ነው። እዚህ ግን ልማዱ መገልበጥ አለበት፤ ዳቦውን፣ ቆሎውንና ውኃውን በጎ ፈቃደኞቹ ይዘው ይምጡ። እማማ ቡና ላፍላ ካሉ ግን እንዳይከለከሉ። በራሳቸው ቤት እንግዳ ሆነው እንዲውሉ ማድረግ ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው።

ስድስተኛ፦ የሥራው ቀን

ከዋዜማው የቤት ዕቃው ተመዝግቦ ይውጣ፤ ምዝገባው ባለቤቱን ከስጋት፣ በጎ ፈቃደኛውን ከሐሜት ይጠብቃል። ባለቤቱ የሚያድሩበት ቦታም በዚያው ቀን ይወሰን። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከሁሉ በፊት መብራት ከቆጣሪው ይጠፋል፤ በአሮጌ ቤት ሽቦው ከቆርቆሮው ጋር እየተነካካ የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ጓንትና ድፍን ጫማ የሌለው ሰው ወደ ፍርስራሹ አይጠጋ፤ በዛገ ሚስማር የተወጋ ካለ ቁስሉን አጥቦ በዕለቱ ጤና ጣቢያ ሄዶ ስለ ቴታነስ ክትባት መጠየቅ አለበት።

ዋናው ሕግ ይህ ነው፦ በዚያው ቀን ሊዘጋ የማይችል ጣሪያ አይከፈትም። ክፍሉ ሁለት ከሆነ አንዱ ተከፍቶ፣ እንጨቱ ተስተካክሎ፣ አዲሱ ቆርቆሮ ተመቶ ሳያልቅ ሌላው አይነካም፤ ጣሪያውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ሸራም ከእድሩ ተውሶ ከአጠገብ ይቀመጣል። ቆርቆሮ የሚመታው ከታችኛው ጠርዝ ተጀምሮ ወደ ላይ ነው፤ እንዲህ ሲሆን የላይኛው በታችኛው ላይ ተደርቦ ውኃውን ወደ ውጭ ያሳልፋል። የጎኑ ድርብ ክፍት ጠርዝ ነፋስ ከሚመጣበት አቅጣጫ ተቃራኒ እንዲሆን ይደረጋል። ሚስማሩ የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ውኃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ አይደለም፤ አዲስ ጣሪያ በመጀመሪያው ዝናብ ሲያፈስ ከምክንያቶቹ ዋነኛው ይህ ስሕተት ነው። የተነሣው አሮጌ ቆርቆሮ ለማድ ቤት ወይም ለአጥር ስለሚሆን የባለቤቱ ንብረት ሆኖ ይቀመጥ።

አሸንዳው ሳይሰቀል ሥራው አለቀ አይባል። በተጠጋጉ ግቢዎች ውስጥ አዲሱ ክዳን የሚያፈሰው ውኃ በጎረቤት ደጅ ላይ ከወረደ፣ እኛ ሰላም ብለን በሄድን ማግስት እማማን ከጎረቤታቸው ጋር እናጣላቸዋለን።

ሰባተኛ፦ ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ

በሰኔ የመጀመሪያው ጠንካራ ዝናብ በጣለ ማግስት ሁለት ሰው መዶሻ፣ ጥቂት ባለ ጎማ ሚስማርና የቀለጠ ሬንጅ ይዞ ይሂድ። ባለቤቱ «ኧረ ምንም አይል፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ» ማለታቸው ስለማይቀር በቃላቸው ብቻ መመለስ አይገባም፤ ከፍራሹ በላይ ያለውን ኮርኒስ፣ የግድግዳውን ጥግና ወለሉን ቀና ጎንበስ ብሎ ማየት፣ በተለይም ጥግ ላይ የተቀመጠ ባልዲ ካለ ለምን እንደተቀመጠ መጠየቅ ነው።