የዲሲ ኤኤንሲ ኮሚሽነር የአንድ ወር ሥራ፦ ቀን ቆጠራ፣ የመጠጥ ፈቃድና ዋጋ ያለው ውሳኔ ሐሳብ

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ለሰፈር ሰው ከከተማው ምክር ቤት አባል ይልቅ የሚቀርበው ተመራጭ የኤኤንሲ፣ ማለትም የሰፈር አማካሪ ኮሚሽን፣ ኮሚሽነር ነው። ወደ 2,000 የሚጠጉ ነዋሪዎችን ይወክላል፤ ደመወዝ የለውም፤ በፓርቲ ስም አይወዳደርም፤ የሥራ ዘመኑም 2 ዓመት ነው። ለመወዳደር ከሚወክለው የሰፈር ክፍል፣ ማለትም ከቀጣናው፣ የተመዘገቡ 25 መራጮች ፊርማ ይጠየቃል። 40 ያህል ቢሰበስቡ ይሻላል፤ አድራሻ የቀየረ ወይም ከቀጣናው ድንበር ማዶ የሚኖር ሰው ፊርማ ይወድቃልና። ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ ከተማዋ 46 ኮሚሽኖችና 345 ቀጣናዎች አሏት። 1ቢ02 ሲባል ዋርድ (የከተማዋ ትልቅ የምርጫ ክፍል) 1፣ ኮሚሽን ቢ፣ ቀጣና 2 ማለት ነው።

ኮሚሽኑ አማካሪ ነውና ማንንም ማዘዝ አይችልም። ጉልበቱ ሕጉ «ታላቅ ክብደት» የሚለው ነገር ነው፦ ኮሚሽኑ በጽሑፍ ላነሳው ስጋት ጉዳዩን የሚወስነው የከተማው መሥሪያ ቤት ነጥብ በነጥብ በጽሑፍ መልስ መስጠት አለበት። የመስማማት ግዴታ የለበትም፤ አይቶ እንዳላየ ማለፍ ግን አይችልም። ይህ የሚሠራው ደግሞ ስብሰባው በአግባቡ ተጠርቶ፣ ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቶ፣ ወረቀቱ በጊዜው ከደረሰ ብቻ ነው። ጎበዝ ተናጋሪ ሆኖ ቀን መቁጠር የማይወድ ኮሚሽነር ለሰፈሩ ብዙም አይጠቅምም።

ወሩን ከስብሰባው ቀን ወደ ኋላ እየቆጠሩ ያቅዱት። ስብሰባው በሁለተኛው ሐሙስ ነው እንበል። ማስታወቂያው ቢያንስ ከ7 ቀን በፊት፣ ቢያንስ በሁለት መንገድ መውጣት አለበት፤ ለምሳሌ በነዋሪዎች የኢሜይል ዝርዝርና በየቀጣናው በ4 ግልጽ ቦታዎች በመለጠፍ። ስለዚህ አጀንዳው በመጀመሪያው ሐሙስ ይወጣል፤ ባለጉዳይ ደግሞ ሰነዱን ከዚያ በፊት ባለው ሰኞ ያስገባል። ለመለጠፊያ ቤተ መጻሕፍት፣ የልብስ ማጠቢያ ቤትና እንጀራ የሚሸጥበት ሱቅ ጥሩ ናቸው። ሰው እዚያ ቆም ይላል፤ ያነባል።

ሌላው ቆጠራ የ30 ቀኑ ነው። መሥሪያ ቤቶች ከመወሰናቸው በፊት ለኮሚሽኑ 30 ቀን ይሰጣሉ፤ ቅዳሜ፣ እሑድና በዓላት ስለማይቆጠሩ 6 ሳምንት ያህል ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ አንድ መደበኛ ስብሰባ መሀል ላይ ይገባል። ወጥመዱ ኦገስት ነው። ሕጉ የሚጠይቀው በዓመት ቢያንስ 9 ስብሰባ ስለሆነ ብዙ ኮሚሽኖች በኦገስት ያርፋሉ። ጁላይ 20 ገደማ የደረሰ ደብዳቤ ታዲያ የሴፕቴምበሩ ስብሰባ ሳይደርስ ቀኑ ያልቃል። ልዩ ስብሰባ ይጥሩ፤ ካልሆነም ማራዘሚያ በጽሑፍ ይጠይቁ። ማራዘሚያው እንደሚፈቀድ ተማምኖ መቀመጥ ግን አያዋጣም።

የመጀመሪያውን ሳምንት ቅዳሜ ለእግር ጉዞ ይተዉት። ቀጣናው ትንሽ ስለሆነ በአንድ ጠዋት ያልቃል። የተቦረቦረ አስፋልት፣ የጠፋ የመንገድ መብራት፣ የአይጥ ጉድጓድ፣ ጥግ ላይ የተጣለ ፍራሽ ሲያዩ እዚያው ቆመው በ311፣ በከተማው የአገልግሎት መጠየቂያ መስመር፣ ያስመዝግቡ። ለመብራት ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ቁጥር፣ ለጉድጓድ ትይዩ ያለውን የቤት ቁጥር ይስጡ፤ «ከምግብ ቤቱ አለፍ ብሎ» የሚል ጥቆማ ሠራተኛውን አዙሮ ይመልሰዋል። የሚሰጥዎትን የጥያቄ ቁጥር ከቀኑ ጋር በአንድ ሠንጠረዥ ይያዙ። ሳይሠራ «ተጠናቋል» ተብሎ የሚዘጋ ጥያቄ አይጠፋም። ያኔ አዲስ ያስመዝግቡና የሁለቱን ቁጥሮች ከፎቶ ጋር ለዋርድዎ ለተመደበው የከንቲባው ቢሮ የማኅበረሰብ ግንኙነት ሠራተኛ ይላኩ።

ዩ ስትሪትና 9ኛ ጎዳና ላይ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት ሰፈር፣ ብዙ ሰዓት የሚበላው የመጠጥ ፈቃድ ነው። አዲስ አመልካች መስኮቱ ላይ ማስታወቂያ ይለጥፋል፤ የተቃውሞ ማቅረቢያው የመጨረሻ ቀን እዚያው ተጽፏል። በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። መቃወም ከሚችሉት መካከል ኮሚሽኑ፣ አዋሳኝ የንብረት ባለቤትና 5ና ከዚያ በላይ ሆነው የተሰባሰቡ ነዋሪዎች ይገኙበታል። ምክንያቱም የሰፈሩ ሰላምና ጸጥታ፣ የፓርኪንግና የእግረኛ ደኅንነት፣ ወይም የንብረት ዋጋ መሆን አለበት። «ሰፈሩ ምግብ ቤት በዝቶበታል፣ ገበያዬን ይሻማኛል» የሚለው የጎረቤት ነጋዴ ቅሬታ በራሱ ቦታ የለውም።

ከተቃውሞ በፊት ስምምነት ይሞክሩ። ባለቤቱን ቡና ላይ ያነጋግሩት፤ ከዚያ ሙዚቃ በሚኖርበት ዓርብ ማታ ከቅርቡ መኝታ ቤት መስኮት ሥር ቆመው ያድምጡ። ዲጄ ወይም አዝማሪ የሚያቀርብ ቤት ከመጠጥ ፈቃዱ ሌላ የመዝናኛ ፈቃድ ማከል አለበት፤ ብዙዎች ይህን የሚሰሙት ዘግይተው ነው። ስምምነቱ ላይ «ድምፅ አይረብሽ» ብለው አይጻፉ። «ሙዚቃ ሲኖር የፊትና የኋላ በር ዝግ ይሆናል፤ የውጭ መቀመጫ በ10፡00 ፒኤም ይዘጋል፤ ጠርሙስ ከ10፡00 ፒኤም እስከ 8፡00 ኤኤም ወደ ውጭ ገንዳ አይጣልም፤ በሥራ ሰዓት የሚነሳ የሥራ አስኪያጅ ስልክ ለጎረቤት ይሰጣል» ተብሎ ቢጻፍ ያስኬዳል። ሰዓቱን በአማርኛ ሲነጋገሩ በተለይ ይጠንቀቁ፤ «አሥር ሰዓት» ለአንዱ ማታ፣ ለሌላው ከሰዓት በኋላ ነው። ፒኤም ወይም ኤኤም ጎኑ ሳይጻፍ አይፈረም።

ስምምነቱን የመጠጥ ፈቃድ የሚሰጠው ቦርድ ካጸደቀው በኋላ መጣሱ ያስቀጣል። ሌላም ውጤት አለው፦ ኮሚሽኑ ከተስማማ የ5 ነዋሪዎቹ ቡድን ተቃውሞ ውድቅ ይደረጋል። እነሱን ሳያናግር የፈረመ ኮሚሽነር በራቸውን ዘጋባቸው ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ምርጫም አይረሱትም። በተቃራኒው ጉዳዩ ንጹሕ ከሆነ ኮሚሽኑ የድጋፍ ደብዳቤ በድምፅ ሊያጸድቅ ይችላል። በዚያ ደብዳቤ አመልካቹ ቀኑ እስኪያልቅ ሳይጠብቅ በጊዜያዊ ፈቃድ ሥራ መጀመር ይችላል። ኪራይ እየከፈለ ለሚጠብቅ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው።

በስብሰባው ምሽት መጀመሪያ ሰው ይቁጠሩ። ምልዓተ ጉባኤ የሚሰላው ተመራጭ ካላቸው ወንበሮች ነው፤ ከ9 ወንበር አንዱ ክፍት ከሆነ ከ8ቱ 5 ሰው ያስፈልጋል። አምስተኛው ኮሚሽነር ልጅ ለማስተኛት ቀድሞ የሚሄድ ከሆነ ድምፅ የሚሰጥበትን ጉዳይ ወደ መጀመሪያ ያምጡት። በኢሜይል ወይም በስልክ የተሰበሰበ ድምፅ ታላቅ ክብደት አያስገኝም። ለኮሚሽን ሥራ የተሰጠዎትን የከተማውን ኢሜይል ብቻ ይጠቀሙ፤ የመረጃ ጥያቄ ሲመጣ የግል ሳጥንዎ አብሮ እንዳይፈተሽ።

ኮሚሽኑ አቋሙን ለመሥሪያ ቤቱ በሚጽፍበት ውሳኔ ሐሳብ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። «ኮሚሽኑ ግንባታውን አጥብቆ ይቃወማል» የሚል ወረቀት ለመሥሪያ ቤቱ የሚመለስ ጥያቄ አይሰጠውም። «ሦስተኛው ፎቅ ከሰሜን በኩል ያለውን ቤት የኩሽና መስኮት ብርሃን ይጋርዳል፤ የቀረበው ሥዕል የጥላ ጥናት የለውም፤ የቆሻሻ ገንዳው ከጠባቡ መተላለፊያ መኪና የሚያልፍበትን ስፋት ይወስዳል» ቢል ሦስት መልስ የግድ ይሆናል። ጉዳዩ ለዞኒንግ (የመሬት አጠቃቀምና የግንባታ ደንብ) ማስተካከያ ቦርድ ከሆነ ቅጽ 129ን ይሙሉ፦ የስብሰባው ቀን፣ ማስታወቂያ በአግባቡ መውጣቱ፣ የምልዓተ ጉባኤው ቁጥርና የተገኙት ብዛት፣ ስጋቶቹ፣ ምክረ ሐሳቡ፣ የድምፁ ውጤት፣ በችሎቱ የሚናገረው ሰው ስም፣ የሊቀ መንበሩ ወይም የምክትሉ ፊርማ። ችሎቱ ከመድረሱ ቢያንስ 7 ቀን በፊት ይገባል።

ለሰፈር ድርጅት የሚሰጥ ድጎማ ካለ በግልጽ ስብሰባ ይጸድቃል፤ ለግለሰብ አይሰጥም። ተቀባዩ በ60 ቀን ውስጥ ደረሰኞቹን ያቅርብ፤ ገንዘብ ያዡ እየነዘነዘ ካልሰበሰበ የኮሚሽኑ የሩብ ዓመት ሪፖርት ይጓተታል፤ የሚቀጥለው ክፍያም ይያዛል።

እንግሊዝኛ የማይቀናቸው እማማ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይዘው ከመጡ ራስዎ አስተርጓሚ ሆነው አይጨርሱት። በ2004 በወጣው የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት መሥሪያ ቤቶቹ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው፤ አማርኛም ዋና ዋና ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ከለከሉ ቀኑን፣ መሥሪያ ቤቱንና የመስኮቱን ቁጥር ጽፈው ለሰብአዊ መብቶች ቢሮ አቤቱታ እንዲያስገቡ ያግዟቸው።

የመሥሪያ ቤቱ ውሳኔ ሲወጣ ከውሳኔ ሐሳብዎ ጎን አስቀምጠው ያንብቡት። ከሦስቱ ስጋቶች አንዱ ካልተመለሰ የትኛው እንደሆነ ጠቅሰው እንደገና እንዲታይ በጽሑፍ ይጠይቁ። ኮሚሽኑ በራሱ ስም ፍርድ ቤት መክሰስ አይችልም፤ ኮሚሽነሩ ግን እንደማንኛውም ነዋሪ በግሉ ይችላል።