ሴቡ ውስጥ ምግብ ስታዙ ተዉአቸው የምላችሁ ስህተቶች

ወደ ፊሊፒንሷ ሴቡ የሚመጣ ሐበሻ ሁሉ ታጋሎግ የሚባለውን ቋንቋ ይዞብኝ ይመጣል። ዱባይ ወይም ዶሃ ከፊሊፒኖች ጋር ሠርቷል፣ «ማሳራፕ» (ይጣፍጣል)፣ «ማግካኖ» (ስንት ነው)፣ «ኦፖ» (አዎ፣ በአክብሮት) ማለት ለምዷል፣ ስለዚህ የአገሩን ቋንቋ የጨረሰው ይመስለዋል። ካሬንደሪያ ይገባል። ካሬንደሪያ ድስቶቹ መደርደሪያ ላይ ተሰልፈው የሚጠብቁበት ርካሽ ምግብ ቤት ነው። «ማግካኖ ፖ?» ይላል። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ በእንግሊዝኛ ትመልስለታለች፣ እሱም ተግባባሁ ብሎ ይቀመጣል። የት ተግባባ! ታጋሎግ የማኒላና የዙሪያዋ ቋንቋ ነው። ሴቡ፣ ቦሆል፣ ምሥራቅ ኔግሮስ፣ ወደ ደቡብ ደግሞ ዳቫኦና ካጋያን ዴ ኦሮ ሰው የሚቀልደውም፣ የሚጣላውም፣ ምሳ የሚያዘውም ቢሳያ፣ ማለትም ሴብዋኖ፣ በሚባለው ቋንቋ ነው። ታጋሎግን ከትምህርት ቤትና ከቴሌቪዥን ስለሚያውቁት ይገባቸዋል፣ ብትናገሩትም ማንም አይቆጣችሁም። ግን ከማኒላ እንደመጣ እንግዳ ትስተናገዳላችሁ። «ዓሣው የትናንት ነው፣ ዶሮውን ውሰድ» የምትለዋ ሹክሹክታ አትደርሳችሁም።

ስለዚህ ከአውሮፕላን ሳትወርዱ እነዚህን ቀይሩ። «ማግካኖ» ብላችሁ የምትጠይቁት ዋጋ እዚህ «ታግፒላ ኒ?» ነው። «ማሳራፕ» ቀርቶ «ላሚ» በሉ። የበሰለው ሩዝ «ካኒን» ሳይሆን «ካንኦን»፣ ከሩዙ ጋር የሚበላው ወጥ ወይም ጥብስ «ኡላም» ሳይሆን «ሱድኣን»። «ካንኦን» ስትሉ መሃሉ ላይ ትንፋሻችሁን ቆረጥ አድርጉ። አያይዛችሁ «ካኖን» ካላችሁ ካሜራ የምትገዙ ነው የሚመስለው።

«ፖ»ን በተመለከተ ስንቱን መክሬ ሰሚ አጣሁ። አንቱታ የለመደ ሰው «ፖ» ሳይጨምር ሲናገር ባለጌ የሆነ ይመስለዋል፣ ይገባኛል። ቢሳያ ውስጥ ግን «ፖ» የሚባል ነገር የለም። አክብሮቱ ያለው «ፓሊሆግ» የሚለው እባክዎ ላይና ሰውየውን በምትጠሩበት ስም ላይ ነው። በዕድሜ የሚበልጣችሁ ወንድ «ኖንግ»፣ የምትበልጣችሁ ሴት «ናንግ»፣ ታናሽ ወንድ «ዶንግ»፣ ታናሽ ሴት «ዳይ»። ጋሼና እትዬ እያለ ላደገ ሰው ይህ አይከብድም። ግን አዲስ መጤው ራሱ ቀኑን ሙሉ «ዶንግ» ሲባል ስለሚውል ለሁሉም ሰው የሚሠራ ይመስለዋል። ሴቡ ከተማ ውስጥ ፉዌንቴ ኦስሜኛ ከሚባለው አደባባይ አጠገብ ላርሲያን የሚባል የጥብስ ሰፈር አለ፣ ጢሱ ከሩቅ ይታያል። እዚያ አንድ የኛ ልጅ ፀጉራቸው የሸበተ ጠባሽን «ዶንግ!» ብሎ ሲጠራ አጠገቡ ነበርኩ። ሰውዬው ቀና ብለው አላዩትም፣ ከሰሉን ማራገባቸውን ቀጠሉ። ደገመ። ከኛ በኋላ የመጡት ሁሉ በልተው ሲነሱ ነው የኛ ዶሮ የመጣው። ሴትዮዋ «ናንግ» ለመባል ገና ልጅ ከመሰለቻችሁ «ቴ» በሏት፣ ታላቅ እህት እንደማለት ነው፣ ማንንም አያስቀይምም። ደህና ሬስቶራንት ውስጥ ደግሞ «ማም» እና «ሰር» ይበቃል።

ረጅም ዓረፍተ ነገር ሸምድዶ መምጣትም ትርፉ ድካም ነው። ክዳኑን ከፍታችሁ እዩ፣ ማንም አይከለክላችሁም። ከዚያ በጣታችሁ እያሳያችሁ «ካኒ፣ ናንግ፣ ኡግ ኡሳ ካ ካንኦን» በሉ፤ ይሄኛውን፣ እትዬ፣ እና አንድ ሩዝ። እኔ ራሴ አብዛኛውን ቀን ከዚህ የበለጠ አልናገርም። ድስቱ ባዶ ከሆነ «ሁሮት ና» ትላችኋለች፣ አልቋል ማለት ነው፣ ወደሚቀጥለው ድስት እለፉ። አዝዛችሁ ስትጨርሱ «ፓንጋዮ ኮ ኦግ ሳባው» ብትሏት በብዙ ቤት መረቁን በነፃ ትጨምርላችኋለች።

«ላሚ ካአዮ» በጣም ይጣፍጣል ማለት ነው። መጨረሻውን አትዋጡ! ያፈረ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርግና «ላሚ ካ» ላይ ይቆማል። «ካ» አንተ ወይም አንቺ ነው። አስተናጋጇን «አንቺ ትጣፍጫለሽ» ብሏታል፣ ትርጉሙም እናንተ እንደጠረጠራችሁት ነው። የቤቱ ሰው ሁሉ ይስቃል፣ እሱ በምግቡ አድናቆት የሳቁለት ይመስለዋል፣ በማግሥቱም ደግሞ ይለዋል።

አሁን ደሜን የሚያፈላው ላይ ደረስን፦ አሳማ። የኛ ሰው፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ መጀመሪያ መማር የሚፈልገው «አሳማ አልበላም» ማለትን ነው። ይማራል፣ ግን «ዋላ» ማለት «የለም» ነው የሚል ነገር ከየትም ይለቅምና «ዋላ ኮ ሞካኦን ኦግ ባቦይ» ብሎ ያርፈዋል። ይህ «አሳማ አልበላሁም» ነው። እንዲህ ያላት አንዲት የምግብ ቤት ባለቤት ከልቧ ስታዝን አይቻለሁ። ሴቡ ድረስ መጥቶ፣ በሌቾን፣ ማለትም በሙሉ አሳማ ጥብስ፣ በታወቀች ከተማ፣ አሳማ ሳይቀምስ! ከነቆዳው ቆርጣ፣ ለእንግዳ ነው ብላ ሳታስከፍለው አቀረበችለት። ልጁ «አላልኳትም?» ብሎ ወደ እኔ ዞረ። አዎ፣ ብሏታል።

ለአማርኛ ተናጋሪ እኮ ይህ ሊከብድ አይገባም፣ አፋችን ሁለቱን ይለያቸዋል። «አልበላም» ስትሉ «ዲሊ»፣ «አልበላሁም» ስትሉ «ዋላ»። ስለዚህ «ዲሊ ኮ ሞካኦን ኦግ ባቦይ»። ሦስተኛው ደግሞ «አታድርግ» ነው፣ እሱ «አያው» ይባላል፦ «አያው ቡታንጊ ኦግ ሲሊ»፣ ሚጥሚጣ አይነቱን ቃጠሎ አትጨምርበት። «ዋላ» የራሱ ቦታ አለው። «ዋላይ ባቦይ» ካሏችሁ አሳማ የለበትም ማለት ነው።

እዚህም አታቁሙ። «ባቦይ?» ብላችሁ ስትጠይቁ ሻጯ የምታስበው በቁራጭ የሚታየውን ሥጋ ነው። ንጎህዮንግ የሚባለው ጥቅልል ሲታይ የአትክልት ይመስላል፣ ውስጡ ግን ብዙ ጊዜ የተፈጨ አሳማ አለበት። ሞንጎስ የሚሉት የማሾ ወጥ ውስጥም አንዳንዴ ስቡ ይገባል። ትክክለኛው ጥያቄ «ኡንሳይ ሳጎል አኒ?» ነው፤ ይሄ ውስጥ ምን ተቀላቅሏል? እሱን ስትጠይቁ ድስቱን አማስላ ታሳያችኋለች። በጾም ቀን ደግሞ «ጾመኛ ነኝ» ብሎ ማስረዳት አያዋጣም። ካቶሊኮች ናቸው፣ በዐቢይ ጾም ዓርብ የሚተዉት ሥጋ እንጂ ዓሣ አይደለም፣ ስለዚህ በደስታ ዓሣ ያመጡላችኋል። «ኡታን» የሚባለውን የቅጠላ ቅጠል ሾርባ ጠይቁ። ውስጡ ያለው ካሙንጋይ የኛ ሽፈራው ዘመድ ነው፣ ኮንሶና ጋሞ ላደገ ሰው አዲስ አይሆንም። ጾመኛ ግን እዚያ ላይም ሳጎሉን ይጠይቅ። ጊናሞስ፣ ማለትም የተብላላ የዓሣ ጨው፣ በቀላሉ ጣል ይደረግበታል።

ቁጥር። ኡሳ፣ ዱሃ፣ ቱሎ፣ ኡፓት፣ ሊማ ብላችሁ ተማራችሁ፣ ጥሩ። ዕቃ ስትቆጥሩ ይሠራል፤ በኮኮናት ቅጠል ተጎንጉኖ የሚቀቀለውን ሩዝ፣ ፑሶን፣ ስታዙ «ቱሎ ካቡኦክ» ትላላችሁ፣ ሦስት ፍሬ። ዋጋ ስትጠይቁ ግን መልሱ በስፔንኛ ነው የሚመጣው። ስፔኖች ሴቡ ላይ እ.ኤ.አ. በ1565 ሰፍረው ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ስለገዙ የገንዘቡ ቁጥር የእነሱ ሆኖ ቀርቷል። «ባይንቴ ሲንግኮ» 25፣ «ሲንግክዌንታ» 50፣ «ኦቼንታ» 80። እነዚህን ሳይዝ የሚሄድ ሰው ጠይቆ ሲያበቃ አፉን ከፍቶ ይቆማል፣ ከዚያ 1000 ፔሶ አውጥቶ ይሰጣታል። ጠዋት፣ ሻጯ ገና ዝርዝር ሳትይዝ እንዲህ የሚያደርግ ሰው ካለ፣ እኔ እንደማላውቀው ቁጠሩኝ። «ናአ ካይ ሴንሲልዮ?» ስትላችሁ ዝርዝር አለህ ወይ ማለቷ ነው።

«ማንጋኦን ታ!» ማለት «እንብላ» ነው፣ አባባሉም እንደኛው ነው። የሚበላ ሰው አጠገብ ስታልፉ ይሏችኋል። በመጀመሪያው ግብዣ ወንበር አትሳቡ። «ሲጌ ላንግ፣ ሳላማት፣ ቡሶግ ፓ ኮ» በሉ፣ ግድ የለም አመሰግናለሁ፣ እንደጠገብኩ ነኝ። ደግመው አጥብቀው ከለመኑ ያን ጊዜ ቁጭ በሉ። በእጅ መብላት ነውር አይደለም፣ «አሳ ኮ ማንግሁናው?» ብላችሁ እጅ መታጠቢያውን ጠይቁ። ጥብስ ቤት የፕላስቲክ ጓንት ይሰጧችኋል፣ አትሳቁበት። ጉርሻውን ግን ተዉት። ሰው አፍ ውስጥ ምግብ ማድረግ እዚያ የሕፃን፣ የታመመና የፍቅረኛ ነገር ነው።

አስተናጋጅ ለመጥራት አታጨብጭቡ። እጅ ከፍ ማድረግ ይበቃል። ሒሳብ ስትፈልጉ በሁለት እጃችሁ ጣቶች አየር ላይ አራት ማዕዘን ሣሉ፣ «ቢል አውት» ማለታችሁ እንደሆነ ከሩቅ ይገባቸዋል።

ሱቱኪል የሚባለው የዓሣ ቤት ውስጥ ዋጋ ሳትጠይቁ አትዘዙ። ስሙ ከሱግባ፣ ቱላ እና ኪላው የተገጣጠመ ነው፦ ጥብስ፣ ሾርባና በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ጥሬ ዓሣ። ማጌላን እ.ኤ.አ. በ1521 የተገደለባት ማክታን ደሴት ላይ፣ ከመታሰቢያው አጠገብ ዓሣችሁን ራሳችሁ መርጣችሁ አሠራሩን ትናገራላችሁ። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሰው ኪላዉን አይለፈው። ችግሩ ቱሪስቱ ዓሣውን በዓይኑ ወድዶ «ይሄን» ካለ በኋላ ዋጋ መጠየቁ ነው። ዓሣው አንዴ ከተቆረጠ ክርክር የለም። መጀመሪያ «ታግፒላ አንግ ኪሎ?»፣ ቀጥሎ «ፒላ አንግ ፓሉቶ?»፤ ኪሎው ስንት፣ ማብሰያው ስንት። የማብሰያው ሒሳብ ለብቻው ነው የሚመጣው፣ በሦስት ዓይነት ካሠራችሁ ሦስት ጊዜ ሊቆጠር ይችላል። ሲመዝኑም ሚዛኑ ጎን ቁሙ፣ ውሃው ተንጠፍጥፎ ይሁን።