ከጎጃም ለመጣሽ እህት፦ የማኅፀን በር ምርመራ ውጤትሽና ከሕክምና በኋላ ያለው ክትትል

አዲስ አገር ገብተሽ ገና ሰፈሩን ሳትለምጂ፣ ለማኅፀን በር ምርመራ ቀጠሮ ያዢ የሚል ደብዳቤ በስምሽ ሊመጣ ይችላል። እንግሊዝ ውስጥ ከ25 እስከ 64 ዓመት ያለች ሴት ትጠራለች፤ ስዊድን ከ23 ይጀምራል። አሜሪካ ጥሪው ሁልጊዜ በደብዳቤ ስለማይመጣ ሐኪምሽን ራስሽ ጠይቂ። ሳያመን ሐኪም ቤት መሄድ አልለመድንም፤ ለእንዲህ ያለው ምርመራማ ጭራሽ። ቢሆንም ሂጂ። ጎጃም ብዙዎቻችን በልጅነት ተድረናል፤ የዚህ በሽታ መነሻ የሆነው ቫይረስ ደግሞ በግብረ ሥጋ ነው የሚተላለፈው።

ቫይረሱ ኤችፒቪ ይባላል። የማኅፀን በር ካንሰር ከሞላ ጎደል ሁሉም ከእሱ ይመጣል፤ 16 እና 18 የሚባሉት ሁለት ዓይነቶች ብቻ ከመቶ 70 ያህሉን ያመጣሉ። “ኤችፒቪ ተገኝቷል” ማለት ግን ካንሰር አለብሽ ማለት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ራሱ ያጠፋዋል።

ስለ ትዳር ሳልናገር አላልፍም። ባል ቀድሞ ወጥቶ ሚስት ከዓመታት በኋላ ስትከተል፣ ይህ ውጤት የመጣ ዕለት ቤቱ ይታመሳል። እሱ “ከማን አመጣሽው?” ይላል፤ እሷም “አንተው ነህ እንጂ!” ትላለች። ቫይረሱ ምንም ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ተደብቆ መኖር ይችላል። መቼና ከማን እንደመጣ ከዚያ ወረቀት ሐኪሙም ቢሆን ማወቅ አይችልም። ለሽማግሌ የሚቀርብ ጉዳይ አታድርጉት። ይልቅ ምርመራው ላይ ባልሽም ሆነ ልጅሽ እንዳያስተረጉሙልሽ። በእንግሊዝ የመንግሥት ሕክምናም ሆነ መንግሥት ድጎማ በሚሰጣቸው የአሜሪካ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነፃ ነው። አስተርጓሚዋ የማኅበር ጓደኛሽ ሆና እንዳትገኝ ከፈራሽ “በስልክ ይሁንልኝ” በይ፤ ማንም አይቀየምሽም።

ወረቀቱ ላይ ያሉት ቃላት ሁለት ዓይነት ናቸው። “አስከስ” (ASC-US)፣ “ኤልሲል” (LSIL)፣ “ኤችሲል” (HSIL) የሚሉት፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ የሴል ለውጥ ስሞች፣ በብሩሽ ከተወሰደው ናሙና የሚወጡ ናቸው፤ ጥርጣሬን ይናገራሉ እንጂ የመጨረሻ ቃል አይደሉም። ሐኪሟ በኮልፖስኮፒ፣ ማለትም በማጉያ መሣሪያ፣ አይታ ቅንጣት ሥጋ ከወሰደች በኋላ ደግሞ “ሲን 1” (CIN 1)፣ “ሲን 2” ወይም “ሲን 3” የሚል ደረጃ ይመጣል። ዲስፕሌዥያ የሚሉት ይህንኑ ነው፦ ሴሎቹ መልካቸውን ቀይረዋል፤ ካንሰር ግን አልሆኑም። ሲን 1 አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ስለሚጠፋ ብዙ ጊዜ ሳይነኩት ይከታተሉታል። ሲን 2 መሐል ላይ ነው፤ ገና መውለድ የምታስብ ወጣት ከሆነች ከሐኪሟ ጋር ተማክራ በክትትል ልትቆይ ትችላለች። ሲን 3 ግን መታከም አለበት። ኒውዚላንድ ውስጥ ሲን 3 ተገኝቶባቸው በቂ ሕክምና ያላገኙ ሴቶች ታሪክ ተጠንቶ ነበር፦ በ30 ዓመት ውስጥ ከመቶ 30 ያህሉን ካንሰር ያዛቸው። በደንብ ከታከሙት ግን ከመቶ አንዷ እንኳ አልሞላችም።

ሕክምናው ብዙውን ጊዜ “ሊፕ” (LEEP) የሚባለው ነው፤ የታመመውን ክፍል በኤሌክትሪክ ሽቦ ቀለበት ቆርጦ ማውጣት። ቦታውን ብቻ ያደነዝዙታል፤ አብዛኛዋ ሴት በዚያው ቀን ቤቷ ትገባለች። ለጥቂት ሳምንታት ፈሳሽና ትንሽ ደም ይኖራል፤ እስኪያገግም አራት ሳምንት ያህል ከግብረ ሥጋ ተቆጠቢ። ማኅፀንሽን አያወጡትም፤ መውለድም አይከለክልሽም። ብዙ ከተቆረጠ ግን ልጅ ያለ ጊዜው የመወለድ ዕድሉ ስለሚጨምር፣ ስታረግዢ ቀድመሽ ተናገሪ።

ብዙ ሴት የምትሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው፤ “ታከምሁ፣ አለቀ” ትላለች። አደጋው በጣም ይወርዳል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። ታክማ የዳነች ሴት ከሌሎች ሴቶች ጋር ስትተያይ በካንሰር የመያዝ ዕድሏ ቢያንስ ለ20 ዓመት እጥፍ ያህል ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ በ6 ወር የኤችፒቪ ምርመራ ይደረጋል። እንግሊዝ ውስጥ ቫይረሱ ከሌለ ቀጣዩ በ3 ዓመት ነው። አሜሪካ ለሦስት ዓመት በየዓመቱ፣ ከዚያ በየ3 ዓመቱ ይሆንና ቢያንስ 25 ዓመት ይቀጥላል፤ ማኅፀኗ በኋላ የወጣላት ሴት እንኳ ከክትትሉ አትወጣም። ኤችአይቪ በደሟ ያለ ሴት ክትትሏ ከዚህም ጠበቅ ያለ ነው። “ጠርዙ ንጹሕ አይደለም” የሚል ውጤት ካየሽ ካንሰር ውስጥሽ ቀርቷል ማለት አይደለም፤ ከተቆረጠው ዳር ድረስ የተለወጠ ሴል ታይቷል ማለት ነው፤ የ6 ወሩን ቀጠሮ ግን እንዳታልፊው። ጠበልሽንም ጠጪ፣ ቀጠሮሽንም አክብሪ።

አገር ቤት ሳለሽ፣ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ይሁን ደብረ ማርቆስ ወይም አንድ ጤና ጣቢያ፣ ታክመሽ ከነበረ ይህን ለአዲሷ ሐኪም መንገር ግዴታሽ ነው። “ሲን ስንት ነበር?” ትልሻለች። ቁጥሩን ባታውቂም መልስ አታጪም። እኛ ጋ በተለመደው ምርመራ ቪያ (VIA) በሚባለው፣ ማኅፀን በር በኮምጣጤ አሲድ ይቀባል፤ ነጭ ሆኖ ከታየ በዚያው ቀን በጋዝ ያቀዘቅዙታል (ክራዮቴራፒ) ወይም በሙቀት ያቃጥሉታል። ሥጋ ተቆርጦ (ባዮፕሲ) ላቦራቶሪ ስላልሄደ ደረጃ የሚባል የለም። “በቪያ ፖዘቲቭ ተብዬ በክራዮቴራፒ ታክሜአለሁ፤ ባዮፕሲ አልተወሰደም” ብትይ ይበቃታል። ዓመተ ምሕረቱን ግን ቀይረሽ ንገሪ። “በጥር 2014 ታከምሁ” ብትይ እንዳለ ትጽፈዋለች፤ በእነሱ አቆጣጠር 2022 መሆኑ ነው። ከእውነቱ ስምንት ዓመት ቀድመሽ የታከምሽ ይመስላትና የክትትልሽ ሂሳብ ሁሉ ይዛባል። ወረቀት ካለሽ ይዘሽ ሂጂ፤ ከሌለሽም አገር ቤት ያለ ዘመድ ካርድሽን ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ።

ከግብረ ሥጋ በኋላ ደም ካየሽ፣ የወር አበባ ከቆመ በኋላ ደም ከመጣ፣ ወይም የሚሸት ፈሳሽ ካለሽ፣ ያለፈው ውጤትሽ ደህና ቢሆንም ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሂጂ።

አገር ቤት የቀረች እህት ካለችሽ፣ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ምርመራው እዚያም አለ፤ ደውለሽ ንገሪያት። ይዘሻት የመጣሽው ልጅ ካለችም ስለ ኤችፒቪ ክትባት ጠይቂ። ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት ጀምራለች፤ ተከትባ ከሆነ ካርዷን ለትምህርት ቤቷ ነርስ አሳዪ።