ማኅበራችሁን አባል እየሸሸው ከሆነ ዕቅዱን ከመዝገቡ ጀምሩ

ድሮ ኅዳር ላይ የምንከፍተው የመዋጮ ደረሰኝ ጥር ሳይጋመስ ሦስት ጥራዝ ያልቅ ነበር። እያንዳንዱ ጥራዝ 50 ቅጠል ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ግን ሰኔ ላይ መሳቢያውን ስከፍት ሁለተኛው ጥራዝ ገና ግማሹ አልተቆረጠም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የአንድ የሒሳብ ባለሙያዎች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ያ ያልተቆረጠ ደረሰኝ እንቅልፍ ነሳኝ።

አባሎቻችን ወዴት እንደሄዱ ለማወቅ ብዙ መፈለግ አላስፈለገም። አዲስ መመሪያ በወጣ ቁጥር በነፃ የሚያብራራ የቴሌግራም ቻናል አለ። ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ መያዣ ሶፍትዌር የሚያሰለጥኑ የግል ተቋማት በዝተዋል። 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዲስ አበባ የነበረው አሰልጣኝ ዛሬ በዙም ቤታቸው ገብቷል። እኛ የምናቀርበው ደግሞ በዓመት አንድ ጉባኤ፣ አንድ ስልጠናና አንድ ካላንደር ነበር።

ይህን የምጽፈው እንደኛ ላሉ ማኅበራት ነው። የነርሶች ይሁን፣ የመሐንዲሶች ይሁን፣ የእንስሳት ሐኪሞች ይሁን፣ ችግሩ ያው ነው።

አባል የሚመልስ ዕቅድ ስታወጡ መጀመሪያ ላይ አማካሪ አትቅጠሩ። አዳራሽም አትከራዩ። ራዕይና ተልዕኮ መጻፍም ገና ነው። እኛ በዚያ ጀምረን ሁለት ቀን ሙሉ ሆቴል ተቀመጥን። ግድግዳው ላይ ወረቀት ለጥፈን ጥንካሬ፣ ድክመት፣ መልካም አጋጣሚ፣ ስጋት ብለን ከፋፈልን። ስጋት በሚለው ሥር በትልቁ የጻፍነው «የአባላት ተነሳሽነት ማነስ» የሚል ነበር። ይህቺን ሐረግ በዕቅዳችሁ ላይ ካገኛችኋት ሰርዟት። ጥፋቱን ሁሉ አባሉ ላይ ጥላ እናንተን ነፃ ታወጣችኋለች።

አባቴ በልጅነቱ የቅኔ ተማሪ ነበር። ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ ከአንዱ ጉባኤ ቤት ወደ ሌላው፣ ከጎንጅ ወደ ዋሸራ ሲሻገር «ሰነፍ ነው» የሚለው የለም ይለኝ ነበር። የጎደለውን ፍለጋ ነው የሄደው። አባል ሲሄድም ልንጠይቅ የሚገባው ምን ጎድሎበት እንደሄደ ነው።

ስለዚህ መዝገቡን አውጡና ሦስት ዝርዝር ሥሩ። አንደኛው፣ ዘንድሮ የከፈሉ። ሁለተኛው፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት ከፍለው ያቆሙ። ሦስተኛው፣ ሙያው እያላቸው አንድም ቀን አባል ሆነው የማያውቁ። ብዙውን ጊዜያችሁን ለሁለተኛው ስጡ። እነዚህ ሰዎች አንዴ አምነዋችሁ ነበርና የተለወጠውን ነገር ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ደውሉላቸው። መጠይቅ በትናችሁ አትጠብቁ። እኔ ከሥራ በኋላ፣ ማታ ማታ፣ በሦስት ሳምንት 34 ሰው አነጋገርኩ። «ለምን አቆምክ?» ብላችሁ አትጀምሩ። ሰው እንደ ዕዳ ጥያቄ ይሰማዋል። «እሺ፣ በዚህ ሳምንት እከፍላለሁ» ይልና ይዘጋዋል። እኔን የረዳኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ባለፈው ዓመት ሥራ ላይ ሲጨንቅህ መጀመሪያ ለማን ደወልክ?» ከዚያ ዝም ብላችሁ ጻፉ። ለማኅበሩ አትከራከሩለት።

ከፍኖተ ሰላም አንዲት ወጣት እንዲህ አለችኝ፦ «እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት? ማኅበሩ የሚደውልልኝ መዋጮ ሲደርስ ብቻ ነው።» ለጊዜው መልስ አጣሁ። የነገረችኝን እንዳለ ጽፌ ለሥራ አስፈጻሚው አነበብኩት።

ቢቸና ያሉ አንድ አንጋፋ ባለሙያ ደግሞ ሌላ በር ከፈቱልኝ። አዲሱ የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ፣ ቁጥር 1341/2016፣ ሲወጣ ሰነዱ በሦስት ቻናል ደርሷቸዋል። «አዋጁስ እጄ ላይ ነው» አሉኝ። «የደንበኛዬን ወረቀት ይዤ አጠገቤ ቁጭ ብሎ አብሮኝ የሚያይ ሰው ነው ያጣሁት።» ዕቅዳችን የተወለደው ከዚህች ንግግር ነው ብል አላጋነንኩም።

ቀጥሎ ተፎካካሪን ማወቅ ነው። ስለሱ ከመገመት ገንዘብ ከፍላችሁ ግቡበት። እኔ በራሴ ኪስ አንድ የዙም ስልጠና ወሰድኩ። አሰልጣኙ ከኛ አሰልጣኞች የተሻለ ነበር። ሰዓቱን ያከብራል፤ ጥያቄም በደንብ ይመልሳል። ምሳሌዎቹ ግን በሙሉ የአስመጪ ድርጅት ነበሩ። የኛ አባል የሚሠራው ለእህል ነጋዴ፣ ለዱቄት ፋብሪካ፣ ለኅብረት ሥራ ዩኒየን ነው። ከገበሬ ያለ ደረሰኝ የተገዛ ጤፍ በምን ሰነድ ይያዛል የሚለው እዚያ አልተነሳም። ማስታወሻችሁ ላይ ሁለት ዓምድ አስምሩ፦ እነሱ ከኛ የተሻሉበት፣ እነሱ ሊደርሱበት የማይችሉት። የመጀመሪያውን ዓምድ ሳታፍሩ ሙሉት።

ሁለተኛውን ዓምድ ለመሙላት አንድ ክፉ ጊዜ ረድቶናል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ወራት ቆየ። ቻናሉም ዙሙም ቀረ። ያን ጊዜ መዋጮ ያቆሙ ሰዎች ሳይቀሩ በእግራቸው ቢሯችን መጥተው ቅጽ ፎቶ ኮፒ ያደርጉ፣ እርስ በርስ ይጠያየቁ ነበር። ከኛ የፈለጉት ቅርበትን ነበር። ዳታው ሲመለስ ግን ያንን ሳናጠናክር ወደ ካላንደራችን ተመለስን። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን ምርጫው ላይ ነን፤ ከሁሉም የሚከብደው ይሄ ነው። የምትሠሩትን ሁሉ ዘርዝሩና ሌላው በተሻለ የሚሠራውን ተዉት። እኛ የፒችትሪ ስልጠናውን ተውን። ከአንድ የግል አሰልጣኝ ጋር ተነጋግረን ለአባሎቻችን ቅናሽ እንዲያደርግ ተስማማን። ተፎካካሪ የነበረው አሁን ይጠቅመናል። ካላንደሩን ስናነሳ ግን ቅሬታ መጣ። አንድ ጋሼ «ስማችን ከየቢሮው ግድግዳ ሊወርድ ነው?» አሉ። እውነት አላቸው። ዓመታት የለፉበት ሥራ ነው። አልተጨቃጨቅንም። የማተሚያውን ወጪ አወጣንና ካላንደሩን አይቶ አባል የሆነ ሰው ካለ አብረን ፈለግን። አንድም አላገኘንም። ራሳቸው «እንግዲያው ይቅር» አሉ።

በተረፈው ገንዘብና ጊዜ ሁለት ነገር ብቻ ያዝን። አንዱ የጉዳይ ቀን ነው። በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት አንጋፋ አባላት ቢሮ ይቀመጣሉ። አባሉ የቸገረውን ወረቀት ይዞ ይመጣል። የደንበኛው ስም በወረቀት ይሸፈናል፤ ይህ የማይታለፍ ሕጋችን ነው። ሌላው ከዩኒቨርሲቲ አዲስ የወጣ ልጅ የመጀመሪያውን ዓመት ያለ መዋጮ ገብቶ ከአንድ አንጋፋ ጋር እንዲሠራ ማድረግ ነው። ሦስተኛ ነገር ሊጨመር ሲል እምቢ በሉ። አቅማችሁ የት እንደሚያልቅ ታውቃላችሁና።

ዕቅዱን ስትጽፉ ሦስት ዓመት ይበቃል። በየስድስት ወሩ እያያችሁ አስተካክሉት። ለእያንዳንዱ ሥራ የአንድ ሰው ስም፣ ወርና ብር ይጻፍ። «ሥራ አስፈጻሚው ይከታተላል» ከተባለ ማንም አይከታተልም። በጀቱን ለሁለት ክፈሉት፦ በመዋጮ ብቻ የሚሠራና ሌላ ገቢ ሲገኝ የሚሠራ። ዋናው ሥራችሁ ከመጀመሪያው ክፍል መውጣት የለበትም። አለዚያ ለጋሽ ሲቀር አብሮ ይቀራል።

ገቢ ስለማስገኘት፣ በፌዴራል የተመዘገባችሁ ከሆነ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ገቢ የሚያስገኝ ሥራ እንድትሠሩ ይፈቅዳል። ትርፉ ግን ለማኅበሩ ዓላማ ይውላል እንጂ ለአባላት አይከፋፈልም። ምዝገባችሁ በክልል ከሆነ የክልሉን ሕግ እዩ።

ወሩንም አስቡበት። የኛ ሰው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት 30 ቀና አይልም፤ ደረጃ ሀ ግብር ከፋዮች ሒሳባቸውን አሳውቀው የሚጨርሱት ያን ጊዜ ነው። አንድ ዓመት ጉባኤውን መስከረም ላይ ጠርተን ምልዓተ ጉባኤ ሳይሞላ ተበተንን። አሁን ኅዳር መጨረሻ አድርገነዋል። እናንተም የአባላታችሁን የሥራ ጥድፊያ ለዩ። መንገድ ሊዘጋ እንደሚችልም አስባችሁ በየከተማው ተጠሪ ይኑራችሁ። ሁሉ ነገር ደብረ ማርቆስ ላይ ከተንጠለጠለ የደጀኑ አባል በሁለተኛው ዓመት ይቀራል።

መለኪያ አታብዙ። ቢሯችን ግድግዳ ላይ የለጠፍነው ሁለት ቁጥር ነው፦ በዚህ ወር በጉዳይ ቀን የታየ ጉዳይ ስንት ነው? ሳይደወልለት መጥቶ የከፈለ አባል ስንት ነው? ሁለተኛውን በጣም እወደዋለሁ። ቀስቅሰውት የከፈለ ሰው ይሉኝታ ይዞት ሊሆን ይችላል። ሳይጠሩት የመጣ ግን ፈልጎ ነው።

የፍኖተ ሰላሟ ልጅ ባለፈው ቅዳሜ ፌስታል ሙሉ ሰነድ ይዛ መጣች። ከአንዱ ጋሼ ጋር ሁለት ሰዓት ተኩል ተቀመጡ። ስትወጣ ሳልጠይቃት ከፈለች። አሁን ለከተማዋ ተጠሪ እንድትሆንልን ለምኛት እያሰበችበት ነው። ሞጣ ላይ ግን እስካሁን ሰው አላገኘንም። ዕቅዱ ላይ የተጻፈው ስም የኔ ነው፤ ወሩም ጥር ነው።