ካንኩን ስትሄዱ እንዳትሳሳቱ

ሆቴሉ በር ላይ አንዲት ልጅ ፈገግ ብላ ትቀበላችሁና እጃችሁ ላይ የፕላስቲክ አምባር ታስራለች። በቃ። ከዚያ በኋላ ምግቡም፣ መጠጡም፣ መዋኛ ገንዳውም ተከፍሎበታል። የሜክሲኮዋ ካንኩን ለብዙዎቻችን እንዲህ ነው የምትጀምረው። ከዲሲ በቀጥታ በረራ 4 ሰዓት ገደማ ስለሆነች ለጫጉላ የሚሄደውም፣ ትምህርት ሲዘጋ ልጆቹን ሰብስቦ የሚሄደውም አበሻ ጥቂት አይደለም። እኔ 3 ጊዜ ሄጃለሁ። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን በመጀመሪያው ጉዞ ፈጽሜያቸዋለሁ።

ቪዛ ያስቸግራል ብሎ መቅረት

ይሄኛው አጭር ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዛችሁ የአሜሪካ ግሪን ካርድ ወይም ጊዜው ያላለፈበት የአሜሪካ ቪዛ ካላችሁ፣ ለጉብኝት የሜክሲኮ ቪዛ አያስፈልጋችሁም። ፓስፖርቱ ጊዜው እንዳላለፈበት አስቀድማችሁ እዩ። ግሪን ካርዱን ደግሞ በሚጫነው ሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ያዙት። ሲመለሱ ሻንጣ የጠፋበት ሰው ምን እንደሚሆን አስቡት።

ተከፍሎበታል ብሎ ከግቢ አለመውጣት

በመጀመሪያው ጉዞ 5 ቀን ሙሉ ከሆቴሉ አልወጣሁም። "ውጭ ወጥቼ ምሳ ብገዛ ሁለቴ መክፈል ነው" ብዬ። ታዲያ ምን በላሁ? ፓስታና የድንች ጥብስ። ሜክሲኮ ሄጄ!

ካንኩን እስከ እ.ኤ.አ. 1970 ድረስ ሰው የለባትም የሚባል ዓይነት ቦታ ነበረች። የሜክሲኮ መንግሥት ለቱሪስት መርጧት ግንባታውን በዚያ ዓመት ጀመረ፣ የመጀመሪያዎቹ ሆቴሎች በ1974 ተከፈቱ። ሆቴሎቹ በባሕሩ ዳር ተሠሩ፣ ሠራተኞቹ የሚኖሩበት ከተማ ደግሞ ከየብሱ በኩል ተቆረቆረ። ይሄኛው ከተማ "ኤል ሴንትሮ" ይባላል። ከሆቴሎቹ ፊት ለፊት በሚያልፈው በኩኩልካን መንገድ ላይ R-1 እና R-2 የሚባሉ አውቶቡሶች አሉ፣ ዋጋቸውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ማታ ማታ "ፓርኬ ዴ ላስ ፓላፓስ" የሚባለው አደባባይ በቤተሰብ ይሞላል። ልጆች ይሯሯጣሉ፣ ሽማግሌዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ያወራሉ። "ማርኬሲታ" የሚሸጥ ጋሪ ፈልጉ። ሰውየው ቀጭን ሊጥ በሁለት የጋለ ብረት መሃል ይጋግራል፣ ቢጫ አይብ ፈቅፍቆ ይበትንበታል፣ ከዚያ ጠቅልሎ በወረቀት ይሰጣችኋል። ሲነከስ ኩርሽም ይላል። አምስቱን ቀን ያመለጠኝ ይሄ ነበር።

ባሕር ሁሉ አንድ ነው ማለት

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ስለሆነ ትንሽ ታገሡኝ።

የሆቴሎቹ ሰፈር ቅርጹ ቁጥር 7 ይመስላል። ከላይ ያለው አጭር መስመር ወደ ሰሜን ያያል። ከፊቱ ኢስላ ሙሄሬስ የምትባል ደሴት ስለምትከልለው ውሃው የረጋ ነው። ላንጎስታ፣ ቶርቱጋስና ካራኮል የሚባሉት ዳርቻዎች እዚያ ናቸው። ወደ ታች የሚወርደው ረጅሙ መስመር ግን ፊቱ ክፍት ባሕር ነው። ማዕበሉ ኃይለኛ ነው፣ ከሥርም ወደ ውስጥ የሚጎትት ውሃ አለ። ፎቶ ላይ የምታዩት የሚያምረው ዳርቻ ብዙ ጊዜ ይሄኛው ነው። እንግዲህ ልጆች ካሏችሁ ወይም እንደ አብዛኞቻችን ዋና ሳትማሩ ካደጋችሁ፣ ሆቴሉን ከመያዛችሁ በፊት ካርታው ላይ የቱ መስመር ላይ እንዳለ እዩ። ከመኝታው ስፋት ይልቅ ይሄ ይበልጣል።

ዳርቻው ላይ ባንዲራ ይሰቀላል። አረንጓዴ ከሆነ ውሃው ደህና ነው፣ ቢጫ ከሆነ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቀይ አደገኛ ነው፣ ጥቁር ጭራሽ ተዘግቷል ማለት ነው። የአክስቴ ልጅ ቀይ ባንዲራ ተሰቅሎ "እስከ ወገቤ ብቻ" ብሎ ገባ። አንድ ማዕበል መጣ። መነጽሩን ወሰደው፣ እሱን ገለበጠውና አሸዋ አብልቶ መለሰው። የነፍስ አድን ሠራተኛው ፊሽካ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ውሃው ወደ ውስጥ ከጎተታችሁ በቀጥታ ወደ ዳር ለመመለስ አትታገሉ፣ ትደክማላችሁ። ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኙ፣ ከሚጎትተው መስመር ስትወጡ ወደ ዳር ታጠፉ። ዋና የማትችሉ ከሆነ ግን ቀይ ባንዲራ ባለበት ቀን አሸዋው ይበቃችኋል። ደግሞም ነጭ ስለሆነ እኩለ ቀን ላይ እንኳን በባዶ እግር ስትረግጡት አያቃጥልም።

ከሆቴሎቹ ጀርባ ያለው የረጋ ሐይቅ ኒቹፕቴ ይባላል። ጸጥ ማለቱ አያታላችሁ፣ አዞ አለበት።

የባሕር አረም መምጫውን አለመጠየቅ

ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ "ሳርጋሶ" የሚሉት ቡናማ አረም ከአትላንቲክ እየተገፋ ይመጣል። ዳር ላይ ሲከመርና ሲበሰብስ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ጥፋቱ የሆቴሉ አይደለም፣ ሠራተኞቹ ከንጋት ጀምሮ በመጥረጊያና በትራክተር ይታገላሉ። እንዲህ ያለ ቀን ካጋጠማችሁ ክፍል ውስጥ ተቀምጣችሁ አታማርሩ። ከፖርቶ ሁዋሬዝ በጀልባ 20 ደቂቃ ያህል ተጉዛችሁ ኢስላ ሙሄሬስ ውረዱ። "ፕላያ ኖርቴ" የሚባለው የደሴቲቱ ዳርቻ አብዛኛውን ጊዜ ከአረሙ ያመልጣል። ውሃው ብዙ ርቀት ስትሄዱ እንኳን ከወገብ አያልፍም።

ቺቼን ኢትዛን በካንኩን ሰዓት መጎብኘት

ማያ የሚባለው የአካባቢው ጥንታዊ ሕዝብ የሠራው ፒራሚድ ያለበት ቺቼን ኢትዛ ከካንኩን 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ በመኪና 2 ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ያለው ግን ዩካታን በሚባለው ሌላ ግዛት ነው፣ ሰዓቱም በ1 ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። ካንኩን ያለችበት ኪንታና ሮ በእ.ኤ.አ. 2015 ሰዓቷን ስለቀየረች ነው። አስጎብኚያችን "7 ሰዓት ላይ አውቶቡሱ ጋ እንገናኝ" አለን። አክስቴ የእጅ ሰዓታቸውን አምነው በሰባት ሰዓት ሰበሰቡን። በዚያ አገር ገና 6 ሰዓት ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ በዚያ ፀሐይ ቆምን። የፈረንጅና የአበሻ ሰዓት ሲያቀያይሩ ዕድሜያቸውን የኖሩ ሴት በዚህ መሸወዳቸው እስከ ዛሬ ያናድዳቸዋል።

በሩ የሚከፈተው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። በማለዳ ከካንኩን ከተነሳችሁ ያቺ የምትተርፈው አንድ ሰዓት ትጠቅማችኋለች፣ የአስጎብኚ አውቶቡሶቹ ሳይደርሱ ትገባላችሁ። ትኬቱ የግዛቱና የፌዴራሉ ተብሎ ሁለቴ እንደሚከፈል እወቁ። ፒራሚዱ ላይ መውጣት ተከልክሏል። በአራቱም ጎን 91 ደረጃ አለው፣ ከላይኛው መድረክ ጋር 365 ይሆናል። ከደረጃው ፊት ለፊት ቆማችሁ አንዴ አጨብጭቡ። ተመልሶ የሚመጣው ድምፅ ጭብጨባ ሳይሆን የወፍ ጩኸት ነው።

ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም ማለት

ይቃጠላል። ትከሻዬን ጠይቁት። ነገር ግን ክሬሙን ተቀብታችሁ "ሴኖቴ" ውስጥ አትግቡ። ሴኖቴ የኖራ ድንጋዩ ተደርምሶ የከርሰ ምድር ውሃ የሚታይበት ጉድጓድ ነው፣ ያካባቢው ሰው ውሃም ከዚያው ከምድር ሥር ነው የሚመጣው። ስለዚህ መጀመሪያ ሻወር ውሰዱ ይሏችኋል። ለፀሐዩ እጅጌው ረጅም የዋና ልብስ ይሻላል። ውሃው ከጠርዙ ጀምሮ ጥልቅ ሊሆን ስለሚችል የሕይወት ጃኬት አድርጉ። አፍሮ ነው እንጂ ሰው የሚሰምጠው፣ ጃኬት ጠፍቶ አይደለም።

የ$ ምልክት አይቶ መደንገጥ

ሜክሲኮ ውስጥ $ ማለት ፔሶም ነው። ሜኑ ላይ $180 ካያችሁ አትሩጡ። የካርድ ማሽኑ በዶላር ወይስ በፔሶ ብሎ ሲጠይቅ ፔሶ በሉ፣ በዶላር ካላችሁ ምንዛሬውን እነሱ ናቸው የሚቆርጡላችሁ። ታክሲ ሜትር ስለሌለው ከመግባታችሁ በፊት ዋጋ ተነጋገሩ። ኤርፖርት ስትወጡ ባጅ አንጠልጥለው "የት ሆቴል ናችሁ?" የሚሉት ሰዎች ብዙዎቹ ታይም ሼር (የዕረፍት ቤት በዓመት ለተወሰነ ጊዜ የመጠቀም መብት) ሻጮች ናቸው። እኔን "ነፃ ቁርስና 90 ደቂቃ ገለጻ" ብለው 4 ሰዓት አስቀምጠውኛል። ቁርሱም አልጣፈጠም።

ባቄላ የጾም ነው ብሎ ማመን

ይሄን የተማርነው በአክስቴ ነው። ዕለቱ ዓርብ ነበር። ሥጋ የለውም ብለው የተፈጨ ባቄላ አዘዙ። እኔ ቀድሜ ቀመስኩና ጣዕሙ ስለከበደኝ አስተናጋጁን ጠራሁት። ብዙ ቦታ ይሄ ባቄላ የሚጠበሰው "ማንቴካ" በሚሉት የአሳማ ስብ ነው። ታማሌ የሚባለው የበቆሎ ሊጥም እንዲሁ። ያካባቢው ዝነኛ ምግብ "ኮቺኒታ ፒቢል" ደግሞ ራሱ የአሳማ ሥጋ ነው። "ሲን ማንቴካ፣ ሲን ካርኔ፣ ሲን ኬሶ" በሉ፤ ያለ ስብ፣ ያለ ሥጋ፣ ያለ አይብ ማለት ነው።

አስተናጋጁ ማእድ ቤት ገብቶ ጠየቀ። ሲመለስ ራሱን እየነቀነቀ ሳህኑን አነሳው። በምትኩ ትኩስ የበቆሎ ቶርቲያና በቲማቲም፣ በሽንኩርትና በሎሚ የተፈጨ አቮካዶ አመጣ። አጠገቡ ሀባኔሮ የሚሉት ቃሪያ ነበር። አክስቴ "ሚጥሚጣ ለምጃለሁ" ብለው በማንኪያ ጨመሩበት። ከዚያ ለ10 ደቂቃ ያህል አላናገሩንም።